ሃያ ሌሊት ይበቃል ወይ? ስለ አጭር የውጭ ሀገር ትምህርት፣ ለአሶሳ ተማሪና ለወላጆቹ

የውጭ ሀገር ትምህርት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ዓይነት ጉዞ ብቻ ነው። ልጁ ይሄዳል፤ አራትና አምስት ዓመት ይቆያል፤ ዲግሪውን ይዞ ይመለሳል፤ አለዚያም እዚያው ይቀራል። ቤተሰብ ከብት ሸጦ የሚሸኘው፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግለት ለዚህ ረጅም ጉዞ ነው። ሌላ ዓይነት ጉዞም ግን አለ። የኮሌጅ ተማሪ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ለሦስት ሳምንት፣ ለሁለት ወር ወይም ለአንድ ሴሚስተር ወደ ሌላ ሀገር ሄዶ፣ ተምሮ፣ ወደ ክፍሉ የሚመለስበት አጭር ጉዞ ነው።

ስለዚህኛው ጉዞ በከተሞቻችን ሲወራ ሁለት የማይገናኙ አስተያየቶች ይሰማሉ። አንዱ ወገን «ሁለት ወር ምን ያስተምራል? የሀብታም ልጆች ሽርሽር ነው» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ከውጭ የመጣ የምስክር ወረቀት ሁሉ ወርቅ ይመስለዋል፤ ልጁ የት እንደሄደና ምን እንደተማረ ሳይጠይቅ ያደንቃል። ሁለቱም ወገኖች ሳይመዝኑ ፈርደዋል። በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በሚዛን ለማየት እንሞክራለን። ለማስረጃ የመረጥነው ቦታ አሶሳንና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልን ነው። ምክንያቱም ለዕውቀት ድንበር መሻገር በዚያ አካባቢ የትናንት ወሬ አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ ዛሬ ችግር ላይ ወድቋልና ነገሩ መላ የሚፈልግ ሆኗል።

አጭር ጉዞ ማለት ምን ማለት ነው?

የኮሌጅ ተማሪዎችን በቡድን ወደ ውጭ ልኮ መመለስ በዘመናዊው የትምህርት ዓለም የታወቀ አሠራር ከሆነ መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1923 ሬይመንድ ከርክብራይድ የተባለ የአሜሪካው የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር ስምንት ተማሪዎችን በመርከብ ይዞ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ሰውየው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ፈረንሳይን ያወቀ ነበር። የአንዱ ሀገር ወጣት የሌላውን ሀገር ሰው በቋንቋውና በኑሮው ቢያውቀው በሕዝቦች መካከል መግባባት ይመጣል የሚል እምነት ነበረው። የዚያን ጊዜው ቆይታ አንድ ዓመት ነበር። ዛሬ የአሜሪካ ተማሪዎችን ዝውውር በየዓመቱ የሚመዘግበው «ኦፕን ዶርስ» የተባለ ዘገባ «አጭር» የሚለው የክረምት ወይም ስምንት ሳምንትና ከዚያ በታች የሆነ ቆይታን ነው። ወደ ውጭ ከሚሄዱት የአሜሪካ ተማሪዎች መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚመርጡት ይህንኑ አጭሩን ነው።

አውሮፓውያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ኢራስመስ የተባለውን ፕሮግራም ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት የተንቀሳቀሱት 11 ሀገሮች ውስጥ ያሉ 3,244 ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ከ15 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ መንገድ ተጉዘዋል። ይህ ፕሮግራም የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም የሚሳተፉበት ክፍል አለው።

ከቁጥሩ ይልቅ ልናጤነው የሚገባው አሠራሩን ነው። ተማሪው ከመሄዱ በፊት የሚማራቸው ኮርሶች በጽሑፍ ይቀመጣሉ። በዚያ ወረቀት ላይ ሦስት ወገኖች ይፈርማሉ፤ ተማሪው፣ የሚልከው ዩኒቨርሲቲና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ። ተቀባዩ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። ላኪው ደግሞ ተማሪው ሲመለስ ያለፋቸውን ኮርሶች እንደራሱ ኮርስ ቆጥሮ ይመዘግብለታል። ስለዚህ ጊዜው አይባክንም፤ ከጓደኞቹም ወደኋላ አይቀርም። እነዚህን ሦስት ፊርማዎች አንባቢ ልብ እንዲላቸው እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

ማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስና ሃያው ሌሊት

አጭር የትምህርት ጉዞ የፈረንጅ ፈጠራ የሚመስለው ሰው ካለ የሐዲስ ኪታቦችን ይመልከት። ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቧቸው መካከል የማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። ማሊክና በዕድሜ የሚቀራረቡ ወጣት ባልደረቦቹ ከቀያቸው ተነስተው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጡ። የቆዩት ሃያ ሌሊት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ርኅሩኅ ስለነበሩ ወጣቶቹ ቤተሰባቸውን መናፈቃቸውን አስተዋሉ። ከኋላቸው ማንን ትተው እንደመጡ ጠየቋቸው። ከዚያም ወደ ቤተሰቦቻቸው ተመልሰው አብረዋቸው እንዲኖሩና እንዲያስተምሯቸው፣ ሶላትንም ራሳቸው እርሳቸው ሲሰግዱ ባዩት መንገድ እንዲሰግዱ አዘዟቸው።

ይህ ታሪክ ለርዕሳችን የሚሰጠው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ተማሪዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ የመጡትም ብቻ ለብቻ ሳይሆን በቡድን ነው። ሁለተኛ፣ የሄዱበት ነገር ግልጽ ነበር፤ ያዩትን ነገር በዓይናቸው አይተው ያዙ። ሦስተኛ፣ ትምህርታቸው የተቋጨው በመመለስና በማስተማር ነው። ማሊክ ከብዙ ጊዜ በኋላ በበስራ ሰዎች መስጊድ ገብቶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዴት ይሰግዱ እንደነበር ሰግዶ ያሳያቸው እንደነበር ተዘግቧል። የሃያ ሌሊት ትምህርት ዓመታትን ተሻግሮ ሌላ ከተማ ደረሰ ማለት ነው።

በሱረቱ ተውባ 122ኛው አያ ላይ ያለው መልእክትም ይህንኑ ያጠናክራል። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይውጣ አልተባለም። ከየወገኑ የተወሰኑት ለዕውቀት ወጥተው ሲመለሱ ወገናቸውን እንዲያስጠነቅቁ ነው የተመለከተው። እንግዲህ የትምህርት ጉዞ መለኪያው የመሄዱ ርዝመት ሳይሆን የመመለሱ ፍሬ ነው ብንል ከመንገዱ አልወጣንም።

ከእኛው ሀገር ልማድ

በሀገራችንም ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የወሎ ደረሳ አንዱን ኪታብ ከአንዱ ሸይኽ፣ ሌላውን ከሌላው ይቀራ ነበር። ለፊቅሁ አንድ ሀገር፣ ለነሕው ሌላ ሀገር ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ዳና፣ ጀማ ንጉሥና ዳውዌ የታወቁት በዚህ ምክንያት ነው። ሸይኹ ወደ ተማሪው አይሄዱም፤ ተማሪው ወደ ሸይኹ ይሄዳል።

ከባሕር ማዶም ቢሆን በካይሮው አል-አዝሀር «ሪዋቀል ጀበርቲያ» የሚባል የእኛ ቀጣና ሰዎች ማደሪያና መማሪያ እንደነበረ ይታወቃል። የግብፅን ታሪክ በመጻፍ ዝነኛ የሆነው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት ምድር ተነስቶ ወደዚያ ሪዋቅ የገባ ነው። ቤተሰቡም የሪዋቁ ሸይኾች ሆነው ቆይተዋል። አባቱ ሸይኽ ሐሰን ደግሞ በሒሳብና በሥነ ፈለክ የታወቁ ነበሩ። ልጃቸው እንደጻፈው ከፈረንጅ ሀገር ሳይቀር ተማሪዎች መጥተው ጂኦሜትሪን ከእርሳቸው ተምረው ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። የጀበርት ልጅ ካይሮ ሄዶ ተማረ፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ አውሮፓውያንን አስተማሩ። ዕውቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ወንዝ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል።

የአሶሳና የሱዳን መንገድ

አሁን ወደ አሶሳ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሕዝብ 784,345 ሲሆን፣ ከመቶ 45 ያህሉ ሙስሊም ነበር። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የክልሉ ነባር ብሔረሰቦች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በርታዎች ከጥንት ጀምሮ ከሱዳን ጋር በእምነት፣ በንግድና በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው። ኢስላም ወደ ቤላ ሻንጉል የገባው በአመዛኙ ከሲናሩ የፉንጅ ሱልጣኔትና ጀላባ ከሚባሉት የሱዳን ነጋዴዎች ጋር በነበረው ግንኙነት ነው። ዐረብኛም በመስጊድ ብቻ ሳይቀር የገበያ መግባቢያ እስከመሆን ደርሷል።

አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አካባቢው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1890 ዓ.ም. ግድም ወደ መንግሥቱ ግዛት ተጠቃሏል። የአሶሳው ገዢ ሸይኽ ኾጀሌ አል-ሐሰንም አዲስ አበባ ላይ መኖሪያ ነበራቸው፤ ዛሬ ሸጎሌ የምንለው ሠፈር ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው። ከዚያም ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል የሱዳን ወሰን ስምምነት ተፈረመ። በርታዎች ወሰኑ መሐል ለመሐል የከፈላቸው ሕዝብ ሆኑ። ትናንት የአጎቱ መንደር ሄዶ ቁርኣን ይቀራ የነበረ ልጅ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወረቀት ሲታይ «ውጭ ሀገር የተማረ» ሆነ። መንገዱ አልተለወጠም፤ ስሙ ግን ተለወጠ።

ከአሶሳ እስከ ድንበሯ ኩርሙክ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከዚያ ወዲያ የሱዳኑ ኩርሙክ፣ ዳማዚን፣ ሲናር፣ ከዚያም ኻርቱም ይከተላሉ። በዚህ መስመር ላይ ብዙ ደረሳ ወደ ኸልዋዎች ተጉዟል። በኋላ ዘመን ደግሞ ዘመናዊ ተቋማት ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ የጀመረው የኻርቱም ዓለም አቀፍ የዐረብኛ ቋንቋ ተቋም ዐረብኛን የዐረብ ተወላጅ ላልሆኑ ሰዎች የሚያስተምሩ መምህራንን ሲያሠለጥን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1977 የአፍሪካ ኢስላማዊ ማዕከል ሆኖ የተደራጀውና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲም ከአፍሪካ ዙሪያ ተማሪዎችን ሲቀበል ቆይቷል፤ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚሁ መካከል ናቸው።

ይህ መንገድ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ኻርቱም ላይ በፈነዳው ጦርነት ተበጠሰ። የሱዳን ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ዘጉ፤ ከየሀገሩ የመጡ ተማሪዎች በተኩስ መሐል ተይዘው የሚወጡበት ጠፋቸው። የብሉ ናይል ግዛትም ከግጭት አልዳነም። በራሱ በቤኒሻንጉል ጉሙዝም ቢሆን ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በካማሺና በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል፤ የብዙ ልጆችንም ትምህርት አቋርጧል። እንግዲህ የዛሬ የአሶሳ ወጣት አያቱ የሄደበት መንገድ ተዘግቶበት፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል ማለት ነው። አደጋውም ዕድሉም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አጭር ጉዞ ምን ያስገኛል?

ጥቅሙን ስንመረምር በደፈናው «ዓይን ይገልጣል» ማለት አይበቃም። ከአሶሳ ሕይወት የተወሰዱ ሁለት ምሳሌዎችን እንመልከት።

አሶሳ በማንጎዋ የታወቀች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ቅጠሉንና ፍሬውን በነጭ ነጠብጣብ የሚያለብስ ተባይ በማንጎ ላይ ታየ። ተባዩ ወደ ምዕራብ ተስፋፍቶ አሶሳንም አዳረሰ። ደቡብ አፍሪካ ይህን ተባይ ቀደም ብላ ታውቀዋለች። የእርሻ ባለሙያዎቿ ተባዩን የሚበሉ ነፍሳትን ከታይላንድ አስመጥተው በማንጎ እርሻዎቻቸው ውስጥ ለቀዋል። እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ2011 ከተመሠረተው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ አንድ የዕፅዋት ሳይንስ ተማሪ ለስድስት ሳምንት ወደዚያ ቢሄድ ምን ይማራል ብለን እንጠይቅ። ዲግሪ አያገኝም። ነገር ግን ነፍሳቱ እንዴት እንደሚራቡ፣ መቼ እንደሚለቀቁ፣ ገበሬው መድኃኒት መርጨቱን መቼ ማቆም እንዳለበት በእጁ ነክቶ ሊያይ ይችላል። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ የማይገኝ፣ ሰባት ዓመትም የማያስፈልገው ዕውቀት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመል ነው። ከኢትዮጵያ ቀርከሃ ትልቁ ድርሻ የቆላው ሲሆን፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋነኛ መገኛው ነው። ሕዝቡ ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ያጥርበታል፤ ቡቃያውን ይመገበዋል። ቻይናና ሕንድ ግን ከቀርከሃ ወለል፣ ወረቀትና የቤት ዕቃ ያወጣሉ። ዓለም አቀፉ የቀርከሃና የራታን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤጂንግ ሲሆን፣ አዲስ አበባም ቢሮ አለው። በሙያው ላይ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና መስጠት የተለመደ ነው። ሽመል የሚያውቅ የኮሞሻ ልጅ ቀርከሃ የሚያውቅ የቻይና ሠራተኛ ዘንድ ቢቀመጥ፣ ሁለቱ በሦስት ሳምንት የሚግባቡት ነገር ብዙ ነው። ምክንያቱም ልጁ ባዶ እጁን አይሄድም። ጥያቄ ይዞ ይሄዳል።

የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። አጭር ጉዞ ባዶ እጁን ለሄደ ሰው ፎቶግራፍ ከማስገኘት አያልፍም። ጥያቄ ይዞ ለሄደ ግን አጭሩ ጊዜ ይበቃዋል። ማሊክና ባልደረቦቹ ምን ፈልገው እንደመጡ ያውቁ ነበር፤ ሃያ ሌሊትም በቃቸው።

በቋንቋም በኩል እንዲሁ ነው። ዐረብኛን ከባዶ ተነስቶ በሁለት ወር የሚያውቅ የለም። ነገር ግን በመድረሳ ኪታብ የቀራ፣ ነሕውና ሶርፍ የሚያውቅ፣ መናገር ግን የሚያስቸግረው ወጣት ብዙ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ዐረብኛ በሚነገርበት ከተማ ሁለት ወር ቢቀመጥ ታስሮ የነበረው ምላሱ ይፈታል። የአሶሳ ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የገበያውን የሱዳን ዐረብኛ አፉን የፈታበት ያህል ይናገራል፤ መጻፍና ማንበብ ይቸግረዋል። ለእርሱ የሚያስፈልገው መናገርን የሚያስተምር ሳይሆን መጻፍን የሚያስተምር ኮርስ ነው። ሁለቱን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ የሁለቱንም ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ ከመመዝገብ በፊት የሚሰጠውን የደረጃ ፈተና በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል።

ምን አያስገኝም?

አጭር ጉዞ ዓሊም አያደርግም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በመስጊዶቻችን ውስጥ የምናየው አንዱ ችግር ከዚህ የመጣ ነው። ጥቂት ወራት ውጭ ቆይቶ፣ ጥቂት ኪታብ ነካክቶ የመጣ ወጣት፣ ዕድሜያቸውን በቂርኣት የጨረሱትን የሀገሩን መሻይኽ «አያውቁም» ሲል ይሰማል። የሄደው ለዕውቀት ነበር፤ ያመጣው ግን ክርክር ሆነ። ማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ ሰዎችን ያስተማረው ቆሞ በመስገድ ነው፤ ያየውን አሳየ፤ ያላየውን አልጨመረም። ተመላሹ ተማሪ ከዚህ የሚማረው አዳብ አለ። ሃያ ሌሊት የተማረ ሰው የሃያ ሌሊቱን ያህል ያስተምር፤ ቀሪውን ለባለቤቶቹ ይተው።

በዘመናዊውም ትምህርት እንደዚሁ ነው። የሁለት ሳምንት የምስክር ወረቀት ዲግሪ አይደለም፤ እንደ ዲግሪም አይቆጠርም። ከውጭ የተገኘ የትምህርት ማስረጃ በሀገራችን ተቀባይነት እንዲኖረው የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ማንም «ይህ ወረቀት ሥራ ያስቀጥራል» ቢል፣ ተማሪው መጠየቅ ያለበት ወረቀቱን የሚሰጠውን ሳይሆን ወረቀቱን የሚቀበለውን ነው። ሦስቱን ፊርማዎች እናስታውስ። የራሱ ዩኒቨርሲቲ ፊርማ ከሌለበት፣ ያ ጉዞ ዚያራ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ተብሎ ሊመዘገብ ግን አይችልም።

አደጋው የት ላይ ነው?

መንገድ ሲዘጋ ደላላ ይበዛል። «በአጭር ጊዜ ኮርስ ስም ቪዛ እናወጣለን፤ ከገባህ በኋላ ሥራ ትይዛለህ» የሚለው ወሬ በየከተማው የታወቀ ነው። እንዲህ ብሎ የሄደ ልጅ ተማሪም ሠራተኛም ሳይሆን ይቀራል። የቪዛው ቀን ሲያልቅ ሕገ ወጥ ይሆናል፤ የታመመ ዕለት የሚያሳክም፣ የተበደለ ዕለት የሚከራከርለት አያገኝም። ቤተሰቡም የሸጠውን ከብት አይመልስም። ከዚህም በላይ የእርሱ መጥፋት በሚቀጥለው ዓመት በእውነት ሊማሩ ለሚያመለክቱ ጓደኞቹ በር ይዘጋል፤ ተቀባዩ ተቋም ከዚያ ሀገር የሚመጣን ተማሪ አያምንም። የአንዱ ቃል ማፍረስ የሌላውን ሪዝቅ የሚነካው በዚህ መንገድ ነው። ቪዛ ደግሞ ቃል ኪዳን ነው፤ ኢስላም ቃል ኪዳንን ማክበር የሚያዝ ዲን መሆኑን ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግም።

ሌላው ጉዳይ የእህቶች ነው። በሁሉም ነገር ከወንዶቹ እኩል የሚማሩ ልጆቻችን የጉዞ ወሬ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ይተዋሉ። ወላጅ የሚሰጋባቸው ነገሮች አሉ፤ ማደሪያው እንዴት ነው? አብሯት የሚሄደው ማነው? የመሕረሙ ጉዳይስ? እነዚህ በቸልታ የሚታለፉ ጥያቄዎች አይደሉም፤ ለዑለማ ቀርበው ሊመከርባቸው ይገባል። ነገር ግን መልሱ ሁልጊዜ «ትቅር» መሆን የለበትም። የሴቶች ማደሪያ ያለው፣ ሴት መምህር አብራ የምትጓዝበት፣ ቤተሰብ በየጊዜው የሚደውልበት የቡድን ጉዞ ማደራጀት ይቻላል። አጭር መሆኑ ራሱ ለዚህ ይመቻል፤ ወላጅ አምስት ዓመት ለመልቀቅ የሚሳሳላትን ልጅ ለሦስት ሳምንት ከታመነ ቡድን ጋር ለመላክ ሊያስብበት ይችላል።

ከመሄድ በፊት አምስት ጥያቄዎች

ተማሪውና ወላጁ አብረው ተቀምጠው እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ቢመልሱ መልካም ነው።

1ኛ፦ የምሄድበት ጥያቄ ምንድን ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልተቻለ ጉዞው አልበሰለም።

2ኛ፦ ይህን ጥያቄ እዚሁ፣ በአዲስ አበባ ወይም በጅማ መመለስ አይቻልም ወይ? ከተቻለ ገንዘቡ ይትረፍ።

3ኛ፦ ሦስቱ ፊርማዎች አሉ ወይ? የራሴ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ኃላፊ ኮርሱን እቀበላለሁ ብሎ ፈርሟል ወይ?

4ኛ፦ ወጪው የማነው? ቤተሰብ የሚኖርበትን ንብረት ሸጦ የሚከፈል አጭር ጉዞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ነፃ ዕድል ወይም የዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት እስኪገኝ መታገሥ ይሻላል።

5ኛ፦ ስመለስ ለማን አስተምራለሁ? በመጀመሪያው ወር ውስጥ ያየሁትን የማቀርብበት ክፍል፣ መድረሳ ወይም የገበሬዎች ስብሰባ የትኛው ነው?

አምስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ሳይመለስ የቀረ ዕውቀት ለሄደው ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ ለላከው ወገን ግን ዕዳ ነው።

ደጃፍ ላይ የመጣ ውጭ ሀገር

በመጨረሻ አሶሳ ያላትን፣ ሌሎች ከተሞች የሌላቸውን አንድ ነገር እናንሳ። ጦርነቱ የሱዳንን መንገድ ሲዘጋ ሱዳናውያንን ግን ወደ አሶሳ አምጥቷል። የሸርቆሌ መጠለያ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የባምባሲው ደግሞ ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስደተኞችን ሲቀበሉ ቆይተዋል። ከ2015ቱ ጦርነት በኋላም በኩርሙክ በኩል የተሻገሩ ቤተሰቦች ኡራ በተባለው አዲስ ሠፈር ጭምር እንዲያርፉ ተደርጓል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ መምህራንና የቁርኣን አስተማሪዎች አይጠፉም። የአሶሳ ተማሪ ኻርቱም ድረስ ሄዶ ይማር የነበረውን ዐረብኛ ዛሬ በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሊያገኘው ይችላል። በምላሹም እርሱ አማርኛ ቢያስተምር፣ የሀገሩን ወግ ቢያስረዳ፣ ልውውጡ የተሟላ ይሆናል። ዑለማችንና የዩኒቨርሲቲው ኃላፊዎች ሕጋዊውን መንገድ ተከትለው ይህን ቢያደራጁት፣ ያለ አውሮፕላን ቲኬት የሚካሄድ የውጭ ሀገር ትምህርት ማለት ነው። ስደተኛውም ተረጂ ብቻ ሳይሆን መምህር ይሆናል፤ ክብሩም ይመለስለታል። ከመካ የተሰደዱትን ሰሐባዎች ያስጠጋች ሀገር ልጆች ይህን ለመረዳት አይቸገሩም።

ክልሉ ላኪ ብቻ ሳይሆን ተቀባይም ሊሆን ይችላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ ክልል ጉባ ወረዳ ውስጥ ነው። የውሃ ምሕንድስና የሚማር የሌላ አፍሪካ ሀገር ተማሪ ለሁለት ሳምንት መጥቶ ሊማርበት የሚችል ነገር ቢኖር ይህ ነው። የሽመሉ ደን፣ የበርታና የጉሙዝ ቋንቋዎች፣ የቤላ ሻንጉል ታሪክ ሁሉ ለእንግዳ ተማሪ ትምህርት ናቸው። ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ዘንድ ፈረንጆች ጂኦሜትሪ ለመማር እንደመጡ አይተናል። እንግዳ የሚመጣው ግን የሚያስተምረው ሲያገኝ ነው፤ ስለዚህ የራሳችንን ማወቅና መጻፍ ይቀድማል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ጽሑፉን በቤተሰብ ወይም በወጣቶች ክበብ ለምታነቡ አንባብያን የሚከተሉትን ጥያቄዎች ትተናል።

ሀ. የማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ ሃያ ሌሊት ፍሬያማ የሆነው በምን ምክንያት ነው? ከእኛ ዘመን ጉዞዎች የሚለየውስ ምኑ ነው?

ለ. በአካባቢያችሁ ከውጭ ተምሮ የተመለሰ ሰው ዕውቀቱን የሚያካፍልበት ቦታ ተዘጋጅቶለታል ወይ? ካልተዘጋጀ ጥፋቱ የተመላሹ ነው ወይስ የተቀባዩ?

ሐ. በከተማችሁ ውስጥ «ደጃፍ ላይ የመጣ ውጭ ሀገር» የምትሉት ምንድን ነው? ከማንስ ምን መማር ይቻላል?

መ. ልጃችሁ ነገ ለሁለት ወር ትምህርት ልሂድ ቢላችሁ፣ ከአምስቱ ጥያቄዎች የትኛውን አስቀድማችሁ ትጠይቁታላችሁ?

ሃያ ሌሊት ይበቃል ወይ ብለን ነበር የጀመርነው። ጥያቄ ይዞ ለሄደ፣ አዳብ ይዞ ለተቀመጠ፣ ለማስተማር ለተመለሰ ይበቃል። ለሌላው ሃያ ዓመትም አይበቃው። ወላሁ አዕለም።